ለጅብ ሽንኩርት እናት ሲመረጥ

ደረበ ትራክተር መንዳት የጀመረው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። አባቱ ከበለሳ ወርደው መተማ ቆላ የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ፤ እሱ ግን ከበሬው ይልቅ ሞተሩን ወደደና የሰሊጥ ባለሀብቶች ዘንድ ተቀጥሮ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሸሕዲ እስከ ቋራ ያለውን ጥቁር ዋልካ አፈር ሲያገላብጥ ኖረ። አሁን ዕድሜው አርባን አልፏል። ቀጣሪዎቹ ሁሉ እጁን ያመሰግኑለታል፤ የሚያማርሩበት አንድ አመል ብቻ ነው። ያልገባውን ነገር ካየ ሳያጣራ አያልፍም።

በዚያ አመሉ ነው አንድ ግንቦት ገለጉ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ ትራክተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመው። ከሁለት ቀን በፊት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሏል። እግር የሚውጥ ስንጥቅ እንጂ ሣር እንኳ ያልነበረበት ሜዳ፣ ጠዋት ሲደርስ በአበባ ተሞልቶ ጠበቀው። ቅጠል የለው፣ ምን የለው፤ ከባዶ መሬት ግንድ ብቻ ተመዞ፣ ጫፉ ላይ ጥሩምባ የመሰሉ ነጫጭ አበቦች ተንጠልጥለዋል። በእያንዳንዱ ነጭ የአበባ ቅጠል መሃል ለመሃል ቀይ ሰንበር ወርዶበታል።

የእርሻው ወኪል አለልኝ ከሩቅ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። አበባውን እያየሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ይኸውልህ፣ ሁሉም ይለያያል። ይሄ ሰንበሩ ሰፊ ነው፣ ያኛው ክር ነው የሚያህለው፣ ያ ደግሞ ጭራሽ የለውም። አንድ ዘር ከሆኑ ለምን አልተመሳሰሉም?»

አለልኝ ግራ ገብቶት አንዴ ደረበን፣ አንዴ ሜዳውን አየ። «የጅብ ሽንኩርት እኮ ነው! ከብት እንኳ የማይበላው። ንዳው ባክህ፣ ዝናቡ ሊመለስ ነው።»

ደረበ ነዳው። የማረሻው ዲስክ መሬቱን ሲገለብጥ ግን ሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ሽንኩርት የመሰለ ሥር ከነአበባው እየተፈነቀለ ከኋላው ይወድቅ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ተመለሰና ሰንበራቸው የሚያምሩትን ለቀመ። መተማ ዮሐንስ ከተማ ዳር ወዳለው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሀብትነሽ ጆንያውን ከፍታ አየች።

«ሽንኩርት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ!» አለች። «ይሄ የት ሊተከል ነው?»

«ከጓሮ።»

«ጓሮው የባሚያ ነው።»

«ከባሚያው ጫፍ ትንሽ ብቻ።»

ያቺ ትንሽ ቦታ ዓመት ባለፈ ቁጥር ሰፋች።

ደረበ የአበባ ማዳቀልን ከማንም አልተማረም። የሚያውቀው የማሽላን ነገር ነው፤ ሁለት ዓይነት ማሽላ ጎን ለጎን ከተዘራ ዘሩ እንደሚደባለቅ የቆላ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የጅብ ሽንኩርቱም አበባ መሃል ቢጫ ዱቄት የተሸከሙ ስድስት ክሮች፣ ከእነሱ አልፎ የወጣ ደግሞ አንድ ረጅም ቀይ ክር አለው። ዱቄቱ የረጅሙን ክር ጫፍ ሲነካ ከሥር ያለው ፍሬ እንደሚያብጥ፣ ካልነካው ግን ደርቆ እንደሚረግፍ በዓይኑ እያየ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! በሚቀጥለው ግንቦት ካሉት ሁሉ ቆንጆ ያላቸውን ሁለቱን መረጠ። አንደኛው ሰንበሩ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ ነው፤ ሁለተኛው አበባው ትልቅ ነው። የባለ ጥቁር ሰንበሩን ዱቄት ለባለ ትልቁ አበባ ቀባ።

ፍሬው ሲደርስ ዘሩ የዘር መልክ አልነበረውም። ድንች የመሰለ፣ አረንጓዴ፣ ወፍራም ነገር ነው። የተወሰነውን ተክሎ የተረፈውን መስኮቱ ላይ ረሳው። ከሳምንታት በኋላ ሀብትነሽ ቤት ስትጠርግ ጮኸች። አፈር ሳያገኝ፣ ጠብታ ውሃ ሳይነካው ዘሩ መስኮቱ ላይ ነጭ ሥር አውጥቶ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል።

«ይሄ ነገር ጤናም አይደለ» አለች።

«ስንቁን ይዞ ነው የሚወለደው» አለ ደረበ፣ ዘሩን በመዳፉ እያገላበጠ። ያን ቀን ከእጁ አላስቀመጠውም።

የጅብ ሽንኩርት ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ ዓመታት ይወስዳል። ደረበ ጠበቀ። ሰሊጥ ተዘራ፣ ታጨደ፣ ከረመ፤ እንደገና ተዘራ። በመጨረሻ ልጆቹ ሲያብቡ ሰንበራቸው እንዳሰበው ደማቅ፣ አበባቸው እንዳሰበው ትልቅ ሆነ። ግን አንዳቸውም መቆም አልቻሉም። ግንዳቸው ከወገቡ እየታጠፈ አበባው ሁሉ ጭቃ ላይ ተደፋ። ሁለት ቆንጆ አጋብቶ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር እንደተወለደ ሊገባው አልቻለም። ከሁሉ የሚሻለውን ቆርጦ ይዞት ወጣና፣ ለስላሳ ሊጠጣ ወደ ዘሀቢያ ሱቅ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

የዘሀቢያ ሱቅ ወደ ሱዳን የሚያሻግረው ድልድይ አጠገብ ነው። ባሏ የመተማ ሰው ነው፤ አባቷ ሐጂ አብዱረሕማን ግን ከድልድዩ ማዶ ጋላባት ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ ትልቅ ግቢ አትክልተኛ ሆነው ሠርተው ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ በተሻገሩ ቁጥር ከሱቁ ጥግ ካለው ወንበር አይነሡም። አበባውን ሲያዩ ግን ተነሡ።

«እናቱ ማን ናት?» አሉ።

ደረበ ደነገጠ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። «እንዴ ሐጂ፣ እንዳዳቀልሁት በምን አወቁ?»

«የዱር ቢሆን በዚህ ደካማ ግንድ አይኖርም፤ አንድ ዝናብ ይጨርሰዋል። እናትና አባቱ አሉ?»

«ጓሮዬ ናቸው።»

«ጠይብ፣ ደግ ነው። እንሂድ።»

በባጃጅ ሄዱ። ጓሮው ውስጥ የጠቆረ ሰንበር ያለው አባት ገና አበባው አልረገፈም። ሐጂ ከራሳቸው ላይ ነጩን ጣቂያ አወለቁና አበባው ላይ እንደ ቆብ ደፉት።

«አሁን ምን ታያለህ?»

«ምንም። ሸፈኑት እኮ።»

«ተክሉን አልሸፈንሁም። አበባውን ነው የሸፈንሁት። ሌላውን እየው።»

ደረበ ጎንበስ ብሎ አየ። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ለዚያውም በሰሊጥ አገዳ ተደግፎ በክር ታስሯል። ያሰረው ራሱ ነው። በየዓመቱ ሲያብብ ይደግፈዋል፤ ከመልመዱ የተነሳ ድጋፉን ማየት ትቶ ነበር። ወደ እናቲቱ ዞረ። እሷም በአገዳ ታስራለች።

«ሁለት አንካሳ ነው ያጋባሁት» አለ ቀስ ብሎ።

ሐጂ ሳቁ። «እኔም ወጣት ሆኜ በጽጌረዳ እንዲሁ አድርጌያለሁ። መልክ ያታልላል፣ አንተ ደረበ። ወላጅ ስትመርጥ መጀመሪያ እንዲህ ሸፍነህ እየው። ግንዱን እይ፣ ቅጠሉ በሐሩር እንዴት እንደሚሆን እይ፣ ስንት እንቡጥ እንደሚያወጣ እይ። ከዚያ በኋላ ግለጠው።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች የሚያወሩት ሌላ ነገር ጠፋ። ለጠቆረው ሰንበር ጠንካራ ሚስት ትፈለግ ተባለ። ደረበ ትራክተር ሊያጥብ ጓንግ ወንዝ ሲወርድ ያያት አንዲት የጅብ ሽንኩርት ትዝ አለችው። ከድንጋዩ መሃል የበቀለች ናት፤ ጎርፍ በላይዋ አልፎባት እንኳ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቷል። አውጥቶ አመጣት። ሐጂ ጣቂያቸውን ደፍተው አዩና በጣም ወደዷት። ጣቂያው ሲነሣ ግን ሀብትነሽ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። አበባዋ ነጭ ብቻ ነው፤ የአበባዋ ቅጠሎች ቀጭን፣ ወዲያና ወዲህ የተንጨፈረሩ፣ የሸረሪት እግር የሚመስሉ።

«ይቺን ነው ሙሽራ የምትሉ?» አለች።

ከሁሉ የከፋው ግን ጊዜው ነበር። ባለ ሰንበሩ በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ያብባል፤ የወንዟ ግን ዝናቡ ጠንቶ መሬቱ ሲረሰርስ፣ ሰኔ ካለፈ በኋላ ነው የምታብበው። እሷ ስትከፈት የእሱ አበባ ከደረቀ ይቆያል። ዱቄቱን ማቆየት ያስፈልጋል፤ በመተማ ሐሩር ደግሞ ዱቄቱ ሁለት ቀንም አይከርም። ሐጂ ዘዴውን ነገሩት፤ በደረቅ ቦታ፣ በቀዝቃዛ ቦታ። ደረበ መድኃኒት ቤት ሄዶ ክኒን ዕቃ ውስጥ የሚቀመጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ለመነ። በሚቀጥለው ግንቦት ዱቄቱን ከእነሱ ጋር በጠርሙስ ከድኖ ዘሀቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጀርባ አስቀመጠ።

ዘሀቢያ ነገሩን እንደ ቀልድ ነው የተቀበለችው። ግን አንድ ቀትር ላይ እርሻ ውስጥ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ደረበ፣ መብራት ከሄደ ቆየ፤ ለስላሳው ሁሉ ሞቋል። ያንተ ሰውዬ እንዳይሞት!»

«ምን ላድርግ? እኔ ያለሁት ቋራ ነው!»

«ተወው፣ እኔ አውቃለሁ።»

ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የመጠጥ ውሃ ከሚቀዘቅዝበት የሸክላ ዚር ሥር፣ ሁልጊዜ ውሃ እየተንጠባጠበ ቀዝቅዞ ከሚኖረው አሸዋ ውስጥ ቀበረችው። መብራቱ እስኪመጣ እዚያው ቆየ። ደረበ ማታ ደርሶ ጠርሙሱን ሲከፍተው ዱቄቱ እንደ ደረቀ፣ እንደ ላመ ነው።

የቀረው እናት ማን ትሁን የሚለው ክርክር ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ከወንዟ ዱቄት አስቀምጦ ባለ ሰንበሩን እናት ማድረግም ይቻላል። የደረበ ልብ ወደዚያ ያደላ ነበር፤ ሐጂ ግን አልተስማሙም።

«እናት የምትሆነው ፍሬ ትሸከማለች። ፍሬው ደግሞ ከባድ ነው። ያንተ ቆንጆ አበባውን እንኳ መሸከም አቅቶታል፤ ፍሬ ጨምረህበት ጭቃ ላይ ሲበሰብስ ልታይ ነው? የወንዟ ትሸከም።»

ደረበ አሰበበትና እውነት ሆኖ አገኘው። የወንዟ እናት ሆነች።

እሷ ስታብብ ሐጂ አልነበሩም፤ ድንበሩ ተዘግቶ ጋላባት ቀርተዋል። ደረበ ብቻውን ነው የሠራው። አመሻሹ ላይ እንቡጡ ሊከፈት ሲል የራሷን ባለ ዱቄት ክሮች በጥንቃቄ ቆርጦ ጣለ። የእሳት እራት እንዳይቀድመው በአጎበር ቁራጭ ሸፈናት። ንጋት ላይ ፀሐይ ሳይወጣ የባለ ሰንበሩን ዱቄት በላባ ጫፍ አነሣና የረጅሙን ክር ጫፍ ነካ። ሐጂ በስልክ «እንዴት ሆነ?» ሲሉት «እንጃ፣ ነካሁት» ብቻ ነው ያላቸው።

ያዘ። ፍሬው አበጠ፤ የወንዟም ሳትጎብጥ ተሸከመችው። ድንበሩ ሲከፈት ደረበ ዘሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በዘሀቢያ እጅ ለሐጂ ላከ። «አንድ ቦታ አይቀመጥ» ብለው ነበርና።

እንደገና መጠበቅ ሆነ። በዚህ መሃል ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ከካርቱም የሸሹ ሰዎች ድልድዩን ሞልተው መሻገር ጀመሩ፤ የሐጂ ቤትም በዘመድ ተጨናነቀ። ደረበ ስለ አበባ ለመጠየቅ አፍሮ ስለ ሰዎቹ ብቻ እየጠየቀ ስልኩን ይዘጋ ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ራሳቸው «ስለ ልጆቻችን ለምን አትጠይቅም?» አሉት። «ቤቴ ውስጥ ሕፃናት ሞልተዋል፤ ውሃ እንዲያጠጡ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። እኔም እነሱም ሌላ የምናስበው ነገር ቢኖረን ደግ ነው።»

ከዚያ የደረበ አበበ። ሀብትነሽ ቀድማ አይታው ወደ ማጀት ገባች። ደረበ ወጥቶ አየና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። ሰንበር የሚባል ነገር የለውም። ነጭም አይደለ፣ ቀይም አይደለ፤ ቀለም የለቀቀ ጨርቅ የመሰለ ደብዛዛ ሮዝ ነው። ስንት ዓመት የጠበቀው ይህን ነው? አካፋውን አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሀብትነሽ ከበር ላይ።

«ላወጣው ነዋ። ቦታውን ለባሚያሽ ውሰጂው።»

«ትናንት የነበረውን ንፋስ ረሳኸው? አጥሬን ጥሎት አድሯል።»

«እና?»

«እናማ አጥሩ ወድቆ ይሄ ቆሟል። ደግሞ አሁን ስንት ሰዓት ነው? ሌሎችህ እስካሁን ጠውልገዋል።»

ደረበ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ተቀመጠ። እውነቷን ነው። ቀትር ደርሶ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ባለ ሰንበሮቹ ሁሌ በዚህ ሰዓት እንደ እርጥብ ወረቀት ተሸብሽበው ያልቃሉ። ይሄ ግን ማታም ሳይጠወልግ አመሸ። በማግስቱም ግማሽ ቀን ቆየ። አባትየው ይህ የለውም፤ እናትየዋም የላትም። ከየት መጣ? የንዴቱ ነገር ቀረና ይኸው ጥያቄ ገባበት።

ለሐጂ ሲደውል እሳቸውም ወሬ አላቸው። የእሳቸውም አብቧል፤ ደብዛዛ ነው፤ ነገር ግን ከጉሮሮው ውስጥ፣ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው ብቻ የሚታይ ቀጭን ቀይ ሰንበር አለው።

«አልጠፋም» አሉ ሐጂ። «ተደብቆ ነው።»

ሐጂ በጠርሙስ ዱቄት ይዘው ተሻገሩና ዘሀቢያ ሱቅ ቁጭ ብለው ተከራከሩ። ሐጂ ያሰቡት ይህን ጠንካራ ልጅ ከባለ ሰንበሩ ከአባቱ ጋር መልሶ ማዳቀል ነው፤ ሰንበሩ ቶሎ ይመለሳል ብለው። ደረበ በዚህ ጊዜ አልተስማማም።

«ሰንበሩ ሲመለስ ድካሙም አብሮ ይመለሳል፣ ሐጂ። እኔ እንደሚመስለኝ የእኔንና የእርስዎን፣ ሁለቱን እህትማማቾች እናዳቅል። ሁለቱም ቆመዋል። ሰንበሩ ከተደበቀ ከብዙ ልጆች መሃል አንዱ ላይ መውጣቱ አይቀርም።»

«ብዙ ስትል፣ የት ልትተክለው?»

«ያው ከባሚያው ጫፍ» አለ ደረበ፤ ዘሀቢያ በሳቅ ፈነዳች።

መጨረሻ ላይ ሁለቱንም አደረጉት። አንድ ግንድ ላይ ብዙ አበባ ስላለ ደረበ ግማሹን በአባትየው ዱቄት፣ ግማሹን በሐጂው ዱቄት ነካ። የአንደኛውን ፍሬ በቀይ ክር፣ የሌላውን በጥቁር ክር አሰረ። ዘሩን ለየብቻ በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ ቆርቆሮዎቹ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። በዚያው ክረምት እሱ እርሻ ላይ ሳለ ጎርፍ ጓሮውን ሞላው። ሀብትነሽ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ቤት አስገባች። ደረበ ተመልሶ ሲያይ ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ጠመኔው ግን ታጥቦ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

«ሀብትነሽ፣ ተደበላለቁ እኮ!»

«ነፍሳቸውን ነው ያዳንሁ» አለች። «ስማቸውን አልጠየቅሁም።»

ደረበ መሳቅም መናደድም አማረው፤ ሳቀ።

ባለፈው ግንቦት ከእነዚያ መሃል የመጀመሪያዋ አበበች። ግንዷ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይረዝማል፤ ያለ ድጋፍ ቆማለች። ሰንበርም አላት። ግን እንደ አባቶቿ መሃል ለመሃል አልወረደም፤ በአበባው ቅጠል ግራና ቀኝ ጠርዝ፣ የቀሚስ ጥለት መስሎ ተሰምሯል። ደረበ እንዲህ ያለ በሜዳ አይቶ አያውቅም። ፎቶ አንሥቶ ላከ፤ ሐጂ ግን በፎቶ አላመኑም። በማግስቱ ከዘመዶቻቸው አንዱ ደግፏቸው ድልድዩን ተሻገሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አበባዋ አጠገብ በርጩማ ተደርጎላቸው ተቀመጡና በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱ።

«የአባትየው ልጅ ናት» አሉ።

«አይደለችም፣ የእህትማማቾቹ ናት። አባትየው ቢኖርባት ትቆም ነበር?»

«እህትማማቾቹማ ቢሆኑ ይህን ያህል ቀለም ከየት አመጡ?»

ሁለቱም ወደ ሀብትነሽ ዞሩ። እሷ ባሚያዋን እየቀጠፈች ነበር።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ልጆቿን ጠይቋቸው።»

ደረበ ሐጂን አየ። ሐጂም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዓመት ከሌላ ከማንም ጋር ሳያዳቅላት በገዛ ዱቄቷ ነካትና በአጎበር ሸፈናት። እንግዲህ ልጆቿ ሲያብቡ፣ ስንቱ እንደሚቆም፣ ስንቱ ሰንበር እንደሚኖረው፣ ጥለቱ የራሷ ብቻ ይሁን የሚወረስ ይታያል። ዘሯ ሲደርስ ሐጂ ድርሻቸውን ጀለቢያቸው ኪስ ከትተው ተሻገሩ። ድልድዩ ላይ ጠባቂው ኪሳቸው ያበጠው ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው አንዱን አውጥተው አሳዩት፤ እሱም ድንች መስሎት አሳለፋቸው። ደረበ የቀረውን አዳዲስ ቆርቆሮ ውስጥ ተከለ፤ ምልክቱንም በዚህ ጊዜ በሚስማር ቦርቡሮ ጻፈ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ሸሕዲ መንገድ ላይ ትራክተሩ ተበላሽቶ ይጠብቀው ነበር።